ዎከር፣ ፉለር፣ ተከር፦ የአንድ ሙያ ሦስት ስሞች

ትንሽም ቢሆን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው «ዎከር» የሚለውን ስም ሲሰማ በልቡ «ተራማጅ» ወይም «እግረኛ» ብሎ ይተረጉመዋል። ስሙን የሚጠሩበት እንግሊዞችና አሜሪካውያን ራሳቸው ብዙዎቹ ከዚህ ሌላ ትርጉም አያውቁለትም። ስሙ ግን የመንገደኛ አይደለም፤ የጨርቅ ረጋጭ ስም ነው። ከሸማኔ እጅ የወጣው የሱፍ ጨርቅ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ የሰነበተ ሽንት ይደፋበታል፤ አንድ ሰው ልብሱን እስከ ጭኑ ሰብስቦ በባዶ እግሩ ሲረግጠው ይውላል። ዎከር ማለት ያ ሰው ነው።

ይህን ሙያ እንግሊዞች በሦስት ስም ጠርተውታል፤ ሦስቱም ዛሬ የቤተሰብ ስም ሆነው ቀርተዋል፦ ዎከር፣ ፉለርና ተከር። ከሙያ ስለመጡ የእንግሊዝ ስሞች ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው አንጥረኛው ስሚዝ ነው። የስሚዝ ትርጉም ግን ለማንም አልጠፋም። የእነዚህ ሦስቱ ጠፍቷል፤ ሥራው ከሰው እግር ወደ ውሃ ኃይል፣ ከውሃ ወደ ፋብሪካ ሲሸጋገር ስሙ ብቻውን ቀርቶ ባለቤቶቹ እንኳ የማይፈቱት ቃል ሆኗል። እኔን የሚስበኝም ይኸው ነው፤ ሌላ ቦታ ያልተጻፈ የሰው ልፋት ስም ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ።

አስቀድሞ ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። እኛ የለመድነው ሸማ ጥጥ ስለሆነ ከሸማኔው ጉድጓድ ወጥቶ፣ ታጥቦ ይለበሳል። የሱፍ ጨርቅ እንደዚያ አይደለም። ከመሸመኛው ሲወርድ ሳሳ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በበጉ ቅባትና ለፈትል እንዲመች በተቀባ ዘይት የተጨማለቀ ነው። እንዲሁ ቢለብሱት ነፋስም ዝናብም ያስገባል። የሱፍ ጭረት በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ጨርቁ ይኮማተራል፣ ይጠብቃል፣ ይወፍራል። በደንብ የተረገጠ ጨርቅ ላይ ድርና ማጉን ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

ሽንቱም ከንቱ ነገር አይደለም። ሲሰነብት አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያው ከቅባቱ ጋር ሲገናኝ የሳሙና ሥራ ይሠራል። ከዚያ ቅባት የሚመጥ ልዩ የሸክላ አፈር ይጨመራል፤ ይህ አፈር እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ በፉለር ስም ይጠራል። በሰሪ አውራጃ ሬድሂል አጠገብ በብዛት ይቆፈር ነበር፤ ባዕድ አገር እንዳይጠቀምበትም ወደ ውጭ መላኩ የተከለከለበት ዘመን ነበር። ተረግጦ ያበቃው ጨርቅ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ ዳር ዳሩን በመንጠቆ ተይዞ ረጅም የእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠርና ሜዳ ላይ ይደርቃል። ቀጥሎ በእሾኻማ ተክል ራስ ይቦጨቅና ጸጉሩ ይነሳል፤ በትልቅ መቀስ ይከረከማል። የከርካሚው ስምም አልጠፋም፦ ሸርማን የሚለው የቤተሰብ ስም ከእሱ የመጣ ነው።

ሙያው እንግሊዝ የፈጠረችው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔ ከተማ የጨርቅ ረጋጮች መሥሪያ ቤቶች ከነገንዳዎቻቸው ተቆፍረው ወጥተዋል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን በሽንት ላይ ግብር እስከ መጣል የደረሰው ሽንት የሚሸጥ የሚለወጥ የሥራ ግብዓት ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ቃሎቹ እንምጣ። «ፉለር» ከላቲን የመጣ ነው፤ ሮማውያን ጨርቅ ረጋጩን «ፉሎ» ይሉት ነበር። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ገብቶ ቆይቶ፣ ከ1066ቱ የኖርማን ወረራ በኋላ ከፈረንሳይኛ የመጣ ዘመዱ አጠናከረው። «ተከር» ደግሞ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ግሥ የወጣ ነው፤ ግሡ በመጀመሪያ ማሠቃየት፣ ማንገላታት ማለት ነበር። ጨርቁ ላይ የሚደርሰውን ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝለትም።

የዎከር ታሪክ ከሁለቱ ይልቃል። የስሙ ሥር የሆነው ጥንታዊ ግሥ ትርጉሙ ማንከባለል፣ ወዲያና ወዲህ ማገላበጥ ነበር፤ ስለ ባሕር ሞገድም ይነገር ነበር። ከእሱ የወጣው የሙያ ስም፣ «ዌአልከሬ»፣ የላቲኑን «ፉሎ» ለመተርጎም በጥንታዊ የቃላት መፍቻዎች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «በእግር መሄድ» የሚለው ትርጉም ግን ጎልቶ የወጣው ከ1200 ወዲህ ነው። እንግዲህ ረጋጩ ከተራማጁ ይቀድማል ማለት ነው። ስሙን «ተራማጅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ትንሹን ወንድም ይዞ ታላቁን እንደ ማስረዳት ይሆንበታል።

አንዳንድ የቆዩ ጸሐፊዎች ዎከር የንጉሥ ደን ጠባቂ፣ የተመደበለትን ጫካ እየዞረ የሚያይ ሹም ሊሆን ይችላል ብለዋል። እንደዚያ ያለ ሹመት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በየአውራጃው ደን ጠባቂ ጥቂት ነው፤ ጨርቅ የሚሠራበት መንደር ግን ብዙ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ የሚጠራበት ስም ከጥቂት ሹማምንት ወጣ ማለት ለእኔ አሳማኝ አይደለም፤ የዘርፉ መዛግብተ ቃላትም ረጋጩን ያስቀድማሉ።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሙያ ሳያውቀው አንብቦታል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ጌታ በተራራው ሲለወጥ ልብሱ ምን ያህል እንደ ነጣ ለመግለጽ አንድ ባለሙያ ይጠቀሳል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አጣቢ» ይለዋል፤ በነገሥትና በኢሳይያስ መጻሕፍት የተጠቀሰውን እርሻም በአጣቢው ስም ይጠራዋል። በግሪኩም በዕብራይስጡም የተባለው ግን ጨርቅ የሚረግጠውና የሚያነጣው ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሱፍ መርገጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ስላልታወቀ ተርጓሚዎቹ የሚቀርበውን ቃል መረጡ፤ ደግ አደረጉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት የዊክሊፍ ወገኖች ችግራቸው ሌላ ነበር፤ አንባቢያቸው ሙያውን ያውቃል፣ ግን በየአገሩ ስሙ ይለያያል። ስለዚህ በዚያው ቦታ ላይ ፉለርንም ዎከርንም አጠገብ ላጠገብ አስቀመጡ።

በየአገሩ ይለያያል ያልኩት ነገር የጉዳዩ እምብርት ነው። በመካከለኛው ዘመን ሰሜን እንግሊዝና የምዕራቡ ሚድላንድስ ሰው ረጋጩን ዎከር ሲለው፣ የደቡብና የምሥራቁ ሰው ፉለር ይለው ነበር። ደቡብ ምዕራቡ፣ በተለይ ዴቨንና ሶመርሴት፣ ተከር ይለዋል። ሥራው አንድ፣ ገንዳው አንድ፣ ሽታው አንድ፤ የሚለየው የመንደሩ አንደበት ብቻ ነው። የዴቨኗ ኤክስተር ከተማ ውስጥ ሸማኔዎች፣ ረጋጮችና ከርካሚዎች በማኅበር ተሰባስበው በ1471 ያሠሩት ጸሎት ቤት ዛሬም ቆሟል፤ የሚጠራውም «ተከርስ ሆል» ተብሎ ነው። ሎንዶን ወይም ኬንት ቢሆን ኖሮ በዚያ ስም ባልተጠራ ነበር።

ይህ ልዩነት ከቃል ወደ ቤተሰብ ስም ተላልፎ እንደ ካርታ ቀርቷል። በ1881 የተደረገውን የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ወስደው ስሞቹን በአውራጃ የዘረዘሩ አጥኚዎች ዎከርን በዮርክሺርና በላንካሺር፣ ፉለርን በደቡብ ምሥራቅና በምሥራቅ አንግሊያ፣ ተከርን በዴቨን ተከማችተው አግኝተዋቸዋል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሰው ሲሰደድ፣ ሲጋባ፣ በጦርነትና በወረርሽኝ ሲያልቅ ኖሮ፣ የአያቶች አነጋገር በልጅ ልጆች ስም ላይ ያንኑ ድንበር ይዞ መገኘቱ ያስደንቀኛል። የቃለ መጠይቅ ቴፕ ባልነበረበት ዘመን የተራው ሕዝብ ንግግር ተቀድቶ የቀረን በዚህ ነው።

የቤተሰብ ስም ራሱ እንዴት ጸና? ከኖርማን ወረራ በፊት እንግሊዞች አንድ ስም ነበራቸው፤ መለያ ካስፈለገ የአባት ስም፣ የመንደር ስም ወይም ሙያ ይጨመር ነበር። ስም ማውረስ የጀመሩት የኖርማን መሳፍንት ናቸው፤ ርስታቸውን በስም ለማሰር። ወደ ተራው ሰው ሲወርድ በደቡቡ እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአብዛኛው ጸንቷል፤ ሰሜኑ ዘግይቷል። በፍርድ ቤትና በግብር መዝገብ ላይ የሰውየው ስም ከተጻፈ በኋላ «ረጋጩ» የሚል ይከተላል፤ በፈረንሳይኛ መስተአምር «ለ ዎከር»። መጀመሪያ ይህ ቅጽል ነው፤ ሰውየው ሥራውን ቢተው ይቀራል። ቀስ በቀስ «ለ» የምትለው ፊደል ትወድቅና ልጁ አራሽ ሆኖ ሳለ «ዎከር» ተብሎ ይጻፋል። በዌስት ራይዲንግ፣ ዮርክሺር፣ በ1379 የተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ይህን ሽግግር መሐል ላይ ይዞታል፤ የአንዳንዱ ስምና ሙያ ገና አንድ ነው፣ የሌላው ተለያይቷል።

ይህን ለሐበሻ ማስረዳት የሚከብድ ይመስላል፤ የእኛ ስም ከአባት አልፎ አይወረስምና። ግን አሜሪካ ወይም አውሮፓ የገባ ወገናችን ሁሉ ነገሩን በራሱ ላይ አይቶታል። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል ይጠይቃል፤ ሰውየው የአያቱን ወይም የአባቱን ስም ይጽፋል፤ ልጁ እዚያ ሲወለድ ያንኑ ስም ይወርሳል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ የማንም አባት ያልሆነ፣ ግን የሁሉም የሆነ ስም ቆመ ማለት ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ገበሬም እንዲሁ ነው የሆነው፤ ስሙን ያጸናለት የጸሐፊ ብዕር ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራከረው ነገር ይመጣል። በ1086 የተጻፈው ዱምስደይ የተባለው የርስት ቆጠራ መዝገብ በእንግሊዝ ወደ 6,000 የሚጠጉ የውሃ ወፍጮዎችን ቆጥሯል፤ ጨርቅ የሚረግጥ ነው የተባለ ግን አንድም የለም። በ1185 የቴምፕላር መነኮሳት ወታደሮች ርስታቸውን ሲያስቆጥሩ ሁለት የጨርቅ መርገጫ ወፍጮዎች ተመዘገቡ፤ አንዱ በዮርክሺር፣ ሌላው በግሎስተርሺር። ውሃ የሚያዞረው መዘውር በእንዝርቱ ላይ ጥርስ ተተክሎለታል፤ ጥርሱ የእንጨት መዶሻውን ያነሳል፣ ይለቃል፤ መዶሻው ገንዳ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ይደልቃል። ገንዳው ጎበጥ ያለ ስለሆነ ጨርቁ በተመታ ቁጥር በራሱ ጊዜ ይገላበጣል። በላንካሺር ሄልምሾር በ1789 የተሠራ እንደዚህ ያለ መርገጫ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ተጠብቋል። ድምፁ እንዴት ያለ እንደነበር ለማወቅ ዶን ኪኾቴን ማስታወስ ይበቃል፦ ሰርቫንቴስ በ1605 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ባላባቱና ሎሌው ሌሊቱን ሙሉ በፍርሃት የተንቀጠቀጡት የስድስት መርገጫ መዶሻዎችን ድምፅ ሰምተው ነበር።

ኤሌኖራ ካሩስ ዊልሰን በ1941 ባወጣችው ጥናት ይህን ወፍጮ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የኢንዱስትሪ አብዮት አለችው። በእሷ አባባል የጨርቅ ሥራ ከደቡብና ከምሥራቅ ከተሞች ተነቅሎ ፈጣን ወንዝ ወዳለበት ገጠር የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ማስረጃዋ ቀላል አይደለም፤ በ1298 የሎንዶን ከተማ ጨርቅ ከከተማ ውጭ ወዳሉ ወፍጮዎች ተልኮ እንዳይረገጥ ደንብ አውጥታ ነበር፤ በእግር የሚረግጡት እንጀራቸው እየተነካ ነበርና። በኋላ የመጡት ኤድዋርድ ሚለርና ብሪድበሪ ግን ሐሳቡን ተቃወሙት። የከተሞቹን ችግር ያመጣው ገበያና የከተማ ወጪ ነው፤ መርገጥ ከጨርቅ ሥራ ሁሉ አንዱ እርከን ብቻ ስለሆነ ብቻውን አንድን ኢንዱስትሪ ሊያፈልስ አይችልም ይላሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አዘነብላለሁ። ስሞቹም የሚመሰክሩት ይህንን ይመስለኛል፤ ፉለር የበዛበት ምሥራቅ አንግሊያ ወንዙ ዘገምተኛ ቢሆንም የጨርቅ አገርነቱን አልተወም።

ለስሙ ታሪክ የሚጠቅመው ግን የዘመኑ አቆጣጠር ነው። የቤተሰብ ስሞች በጸኑበት በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መዶሻው እግሩን እየተካ ነበር። ዊልያም ላንግላንድ በዚያው ዘመን በጻፈው «ፒርስ ፕላውማን» ግጥም ላይ የሸማኔ ጨርቅ ለመልበስ ከመብቃቱ በፊት የሚያልፍበትን መንገድ ሲዘረዝር በእግር መረገጡንም በመዶሻ መደለቁንም አንድ ላይ ይጠቅሳል። እንግዲህ ዎከር ተብለው ከተመዘገቡት ሰዎች ብዙዎቹ እግራቸውን ገንዳ ውስጥ ያላስገቡ፣ መዘውር የሚጠብቁ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። እግሩ ከሥራው ሲወጣ በስሙ ቀረ።

ስለ ጥናቱ ጥቂት ልበል። መሠረቱን የጣለው ስዊድናዊው ጉስታቭ ፍራንሶን ነው፤ በ1935 ሉንድ ላይ ባሳተመው ሥራ ከ1100 እስከ 1350 ባሉት መዛግብት ውስጥ ያሉትን የሙያ ስሞች አንድ በአንድ ለቅሞ በየአውራጃው አስቀመጠ። ሬኒ በ1958 ያወጣው መዝገበ ስም ለረጅም ጊዜ የሁሉም ማጣቀሻ ሆኖ ቆየ። በ2016 ደግሞ ፓትሪክ ሃንክስ፣ ሪቻርድ ኮትስና ፒተር ማክሉር የመሩት የኦክስፎርድ መዝገብ ከ45,000 በላይ ስሞችን ይዞ ወጣ። የሬኒ ድካም የጥንት መዝገብ ላይ ነበር፤ ስሙ ዛሬ የት እንደሚገኝ ብዙም አይከታተልም። አዲሶቹ ሁለቱን አገናኝተዋል፤ በዚህም አንድ ስም በርካታ ምንጭ እንዳለው ግልጽ አድርገዋል።

ምንጩ በርካታ መሆኑ የዘር ግንድ ለሚፈልጉ ሰዎች መራራ እውነት ነው። ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባወጡት ጥናት አርባ የእንግሊዝ ስሞችን ይዘው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም መረመሩ። አተንበራ የመሰለ ብርቅ ስም ያላቸው ወንዶች በአብዛኛው ከአንድ አባት የወረዱ ሆነው ተገኙ። ስሚዞች ግን በዘር ከማንኛውም መንገደኛ የበለጠ አይዛመዱም። የሙያ ስም እንደዚህ ነው፤ ረጋጭ ባለበት መንደር ሁሉ አንድ ዎከር ይነሳል፤ ስማቸው አንድ መሆኑ አባታቸውን አንድ አያደርገውም።

ከእንግሊዝ ድንበር ወጣ ሲባል ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። በዌልስ መርገጫው «ፓንዲ» ይባላል፤ ቶኒፓንዲ የተባለችው ከተማ ስሟ ከዚያ ነው። በስኮትላንድ ደጋማ አገር በጌሊክ «የረጋጩ ልጅ» የሚል ትርጉም ያለው ማክ አን ኡኻተር የሚባል ስም ነበር፤ እንግሊዝኛ ሲበረታባቸው ብዙዎቹ ስማቸውን ተርጉመው ዎከር ሆኑ። ጀርመንም የራሷ ቫልከሮች አሏት፤ ከእነሱም አሜሪካ ገብተው ከእንግሊዞቹ ጋር የተቀላቀሉ አሉ። አየርላንድ ውስጥ ያለው ተከር ከረጋጭ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል፤ ኦ ቱአኻር የሚባል የጎሳ ስም በድምፅ ተመሳስሎ ተከር ተብሏልና።

ሙያው ሳይጠፋ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በስኮትላንድ ምዕራብ ደሴቶች ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ረጋጮቹ ሴቶች ነበሩ። ቶማስ ፔናንት በ1772 ደሴቶቹን ሲጎበኝ ሴቶች ጨርቁን በእጅ ሲያሹት፣ ሲደክማቸው ተቀምጠው በእግር ሲረግጡት አይቶ በሥዕል ጭምር አስቀርቷል። ሽንት ያራሰው ጨርቅ ረጅም ጣውላ ላይ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች በአንድ ምት ይደልቁታል፣ ወደ ጎረቤታቸው ይገፉታል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዘፈኑ ምቱን ይይዛል። ደቦ ወጥቶ በዜማ ያጨደ፣ የወቃ ሰው ይህን ለማየት ማስረጃ አይፈልግም። ሥራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሲቀር ዘፈኖቹ ተቀርጸው ቆይተዋል። ከወንዶቹ ረጋጮች የቀረን ስም ነው፤ ከሴቶቹ የቀረን ድምፅ ነው።

ጨርቁም ስሙም አትላንቲክን ተሻግረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜንና በመካከለኛው ዌልስ ገበሬ ቤቶች የተሸመነ፣ በፓንዲ የተደለቀ ሻካራ የሱፍ ጨርቅ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ለማልበስ ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ይላክ ነበር። የዌልሱ ድኻ የረገጠውን የካሮላይናው ባሪያ ይለብሰዋል፤ ትርፉ የሁለቱም አልነበረም። ስሙም በዚያው አገር የነጭም የጥቁርም ሆነ። ጥቁሩ ዴቪድ ዎከር በ1829 ቦስተን ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ባርነትን ያወገዘበት ቃል የደቡቡን ባላባቶች አስደንግጦ መጽሐፉን በሕግ እስከ መከልከል አደረሳቸው። በ2010 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከ500,000 በላይ ሰው ዎከር ተብሎ ተመዝግቧል።

ከእነዚህ ዎከሮች ሁሉ እኔ የማስባት አንዲቱን ነው። ሣራ ብሪድላቭ በ1867 ሉዊዚያና ውስጥ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለደች። በልጅነቷ ወላጆቿን አጣች፤ በለጋ ዕድሜዋ አግብታ ባሏ ሞተባት፤ ልጇን ይዛ ሴንት ሉዊስ ገባች። እዚያ ለዓመታት የሰው ልብስ እያጠበች ኖረች፤ ቀኑን ሙሉ ገንዳ ላይ አጎንብሳ፣ እጇን ሙቅ ውሃና ሳሙና እየላጠው። በ1906 ቻርልስ ጆሴፍ ዎከር የሚባል ሰው አገባችና ለጥቁር ሴቶች ጸጉር ያዘጋጀችውን ቅባት በእሱ ስም መሸጥ ጀመረች፤ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ተብላ ከአሜሪካ ሀብታም ሴቶች አንዷ ሆነች። በ1912 ቺካጎ ውስጥ በጥቁር ነጋዴዎች ጉባኤ ላይ ተነስታ ከጥጥ እርሻ ወደ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ራሷ ፋብሪካ እንዴት እንደመጣች ሳታፍር ተናገረች። ያኔ በየጣሳው ላይ የታተመው ስሟ፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ቢመለስ፣ «አጣቢ» ነው።